ስፖንጁ ቦታውን ሲለቅ

አንዲት የፋሽን ተማሪ ማኔኪን ላይ አቡጀዲ ወጥራ ስትሠራ አስቡ። ጠረጴዛዋ ላይ የጨርቅ ናሙናዎች ተከምረዋል፤ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ኦርጋንዛ፣ የሚለጠጥ ጀርሲ፣ ወፍራም ሱፍ፣ ስስ ሐር። በእጇ የያዘችው ግን ቁራጭ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁን ከአቡጀዲው ሥር አስገብታ ዳሌው ላይ በስፒል ታስይዘዋለች። ማኔኪኑ ወዲያው ያምርበታል፤ ወገቡ ቀጥኖ፣ ቁመናው ሞልቶ ይታያል። ቀጥላ ያንኑ ስፖንጅ ከዳሌው ነቅላ ከግራው ትከሻ ዝቅ ብሎ ጀርባው ላይ ትሰካዋለች። በአጠገቧ የሚያልፈው ጓደኛዋ ቆም ይልና «ምን ሆና ነው?» ይላል። የሚጠይቀው ስለ ማኔኪኑ ነው፤ ስለ ታመመ ሰው እንደሚጠየቀው።

ስፖንጁ ያው ነው፤ ጨርቁም ያው ነው። የተቀየረው ሦስት ስንዝር የማይሞላ ርቀት ብቻ ነው። በዚያች ርቀት ውስጥ ውበት የነበረው ነገር ሕመም ሆኖ ተገኘ። ለምን እንዲህ እንደሚሆን መጠየቅ የስፌት ክፍል ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን በመቀስና በመርፌ ሊጠየቁ ከሚችሉት ጥያቄዎች ሁሉ ጥልቁ ይህ ነው፤ የሰው አካል የት ጋ ያበቃል? የሚያበቃበትን መስመር የሚያሰምረውስ ማነው?

ሁለት ሰዎች ይህን ስፖንጅ በሁለት ቦታ አስቀምጠውታል። ክርስቲያን ዲዮር ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947 ፓሪስ ውስጥ ባሳየው የመጀመሪያ ስብስቡ መሙያውን ያኖረው ዳሌ ላይ ነበር። «ባር» የተባለው ዝነኛ ልብሱ ወገብን አጥብቆ ይይዝና ከወገብ በታች ያለውን የጃኬት ዘርፍ አሳብጦ ከሥሩ ሰፊ ጥቁር ጉርድ ያወርዳል። ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ጨርቅ ገና ብርቅ ነው። ስለዚህም በጨርቁ ብዛትና በጉርዱ ርዝመት የተቆጡ ነበሩ። መሙያውን ግን ብዙዎች ሴትነት ተመለሰ ብለው አወደሱት። ዳሌ ላይ የተቀመጠ ትራስ ዓይን የለመደው ነገር ነውና ትራስ መሆኑ እንኳ ተረሳ።

ሌላዋ ጃፓናዊቷ ሬይ ካዋኩቦ ናት። እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ተወልዳ በኬዮ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብና ሥነ ጽሑፍ ተማረች፤ የልብስ ቅድ ማንም አላስተማራትም። ኮም ዴ ጋርሶን በሚል ስም ልብስ መሥራት የጀመረችው በ1969 ነው፤ ከ1981 ጀምሮም ሥራዋን ፓሪስ ላይ ታሳያለች። በ1996 መጨረሻ ገደማ፣ ለ1997 ጸደይና በጋ ያቀረበችው ስብስብ በአካልና በልብስ መገናኘት የተሰየመ ነበር። ሞዴሎቹ የወጡት የሚለጠጥ ናይለን ለብሰው ነው፤ አንዳንዱ ዳማ ዳማ የሆነ፣ የሕፃናት ቀሚስ የሚሰፋበትን ዓይነት ጨርቅ የመሰለ። ከጨርቁ ሥር ትራስ ተሰፍቷል። ትራሱ ያለበት ቦታ ግን ማንም ያልጠበቀው ነው፤ ጀርባ ላይ፣ ከአንድ ትከሻ ሥር፣ ከሆድ ጎን፣ ከመቀመጫ ከፍ ብሎ በአንድ ወገን። ግራና ቀኙ አይመጣጠንም። ሞዴሏ ወዴት እንደዞረች፣ አካሏ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ለማወቅ ዓይን ይቸገራል።

ጋዜጦች ኳሲሞዶን፣ የኖትርዳሙን ጎባጣ ደወል ደዋይ፣ አስታወሱ። ዕጢ ያሉም ነበሩ። አንዳንድ መጽሔቶች ልብሶቹን ፎቶ ያነሷቸው ትራሶቹን አውጥተው ነው፤ ትራሱ ሲወጣ የሚቀረው ትርፍ ጨርቅ ያለው ተራ የናይለን ቀሚስ ነው። ይህን ድርጊት ሳስበው በጣም ያሳዝነኛል። ጥያቄውን አውጥቶ ጨርቁን ብቻ ለአንባቢ ማሳየት ነውና።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው ስድቡ በልብሱ ላይ ብቻ አለመቆሙ ነው። ጀርባው የጎበጠ፣ አንዱ ትከሻው ከሌላው ከፍ ያለ፣ አንገቱ ወይም ሆዱ ላይ እባጭ የወጣበት ሰው በመካከላችን ይኖራል፤ ይሠራል፣ ይዳራል፣ ይኳላል፣ ልብስም ይገዛል። ቀሚሱን የምንጠላው እንዲህ ያለውን ሰው ስለሚመስል ከሆነ ፍርዳችን የወደቀው በሰውየው ላይ ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሲሄድ የሚቀርብለት አገልግሎት አንድ ብቻ ነው፤ «እንዳይታይ አድርጌ እሰፋልሃለሁ»። ካዋኩቦ ያልተጠየቀ ጥያቄ ጠየቀች፤ ቢታይስ? ታስቦበት፣ ተለክቶ፣ ባማረ ጨርቅ ተሸፍኖ ቢታይስ?

ያን ጥያቄ ከፋሽን መድረክ ይልቅ በተሻለ ሁኔታ የመለሰው ዳንስ ነበር። አሜሪካዊው የዳንስ ሊቅ መርስ ከኒንግሃም በዚያ ጊዜ ወደ ሰማንያ እየተጠጋ ነው። ካዋኩቦን አልባሳት እንድትሠራለት ጠየቃት፤ «ሲናሪዮ» የተባለው ሥራም በ1997 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ለሕዝብ ቀረበ። ከኒንግሃም ዳንሱን፣ ሙዚቃውንና አልባሳቱን ለየብቻ አሠርቶ መጨረሻ ላይ የማገናኘት ልማድ ነበረው። ስለዚህ ልብሱ ለዳንሱ ተብሎ አልተለሰለሰም፤ ዳንሰኛው ራሱ ከአዲሱ አካሉ ጋር መስማማት ነበረበት። ወገቡ ላይ ትራስ የበቀለበት ሰው ክንዱን ወደ ጎኑ ሲያወርድ ክንዱ ቀድሞ ይቆማል። ጀርባው ላይ ትራስ ያለውን ሰው የሚያቅፍ ሰው እጁን የት እንደሚያሳርፍ እንደገና ይማራል። ፎቶ ላይ ዕጢ የተባለው ነገር እንቅስቃሴ ላይ ሲውል የሰውየው ክፍል ሆነ። ሰው ቆሞ ሲታይ ፍርድ ይቀላል፤ ሲንቀሳቀስ ግን ዓይን ፍርዱን ትቶ መከተል ይጀምራል።

«ነገር ግን» የሚል ይኖራል፣ «የሰው አካል የተፈጥሮ መስመር አለው፤ ልብስ ያንን ማክበር አለበት።» ይህ ሐሳብ ጤነኛ ይመስላል። ችግሩ ያ የተፈጥሮ መስመር የት እንዳለ ሲፈለግ አለመገኘቱ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ አን ሆላንደር በ1978 ባሳተመችው የልብስና የሥዕል ጥናቷ ላይ ያሳየችው ነገር ለዚህ ማስረጃ ነው። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ራቁት ሰው ሲሥሉ የሣሉት በዘመናቸው ልብስ የተቀረጸውን አካል ነው ትላለች። ሆድን ወደፊት የሚያወጣ ቀሚስ በሚለበስበት ዘመን የተሣለች ራቁት ሴት ሆዷ ወደፊት ይወጣል፤ ወገብ አጥብቆ ጡት ከፍ የሚያደርግ ኮርሴት በሚለበስበት ዘመን የተሣለችዋ ደግሞ ኮርሴቱን አውልቃም ኮርሴት የለበሰች ትመስላለች። ልብሱ ወልቆ ቅርጹ ቀርቷል። ሠዓሊው ራቁቱን ያየ መስሎት ያየው ልብሱን ነበር።

ተማሪዋ ፊት የቆመው ማኔኪንስ ከማን ተወሰደ? ያ ደረት፣ ያ ወገብ፣ ያ የትከሻ ዝንባሌ ከሰማይ አልወረደም። ለሱቅ የሚሰፋ ልብስ ቁጥር እንዲኖረው ሲፈለግ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለክቶ ውጤቱን በ1941 አሳተመ። ከስሌቱ ውስጥ የገባው የነጭ ሴቶች ልክ ብቻ ነበር። የዛሬው የልብስ ቁጥር ከዚያ ብዙ ርቋል፣ አገር ካገርም ይለያያል፤ ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል። መካከለኛ ተብሎ ማኔኪን የሚሆነው አካል አንድ ሰው የመረጣቸው ሰዎች ድምር ነው። ማንም ሴት ያንን አካል ሙሉ በሙሉ ይዛ አልተወለደችም። ስለዚህ ስፖንጁ ከመሰካቱ በፊት ማኔኪኑ ራሱ ሐሳብ ነበር፤ ስፖንጁ በሐሳቡ ላይ የተጨመረ ሌላ ሐሳብ ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ ልመለስ፤ ምክንያቱም ስለ አካል ብቻ ስናወራ ናሙናው የሚለውን መስማት እንዘነጋለን። ጨርቅ ዝም ብሎ የሚታዘዝ ነገር አይደለም። አንድ ስንዝር የጥጥ ጨርቅ ወስዳችሁ በድሩ አቅጣጫ ብትጎትቱት አይሰጥም። በማጉ አቅጣጫ ትንሽ ይሰጣል። በሰያፍ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ስትጎትቱት ግን ሌላ ጨርቅ ይሆናል፤ ድርና ማጉ የሠሩት ጥቃቅን አራት ማዕዘን ሁሉ ይንሻፈፍና ጨርቁ ይለጠጣል፣ ይረዝማል፣ ይጠብባል። ይህን ባሕርይ የሙሉ ሥራዋ መሠረት ያደረገችው ፈረንሳያዊቷ ማደሌን ቪዮኔ ናት። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ክሬፕ ሐሯን በሰያፍ እየቆረጠች፣ በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ እየሞከረች፣ ያለ ኮርሴት፣ ያለ ትራስ፣ በጨርቁ ክብደት ብቻ አካል ላይ ተጣብቆ የሚወርድ ቀሚስ ሠራች። በእሷ እጅ ጨርቁ አካልን ተከተለ፤ ሴትየዋ ስትተነፍስ ቀሚሱም ይተነፍሳል።

ከቪዮኔ ማዶ የቆመው ስፔናዊው ክሪስቶባል ባሌንሲያጋ ነው። እሱ አካልን ከመከተል ይልቅ ከአካል ራቅ ብሎ የሚቆም ጨርቅ ፈለገ። አብርሃም ከተባለው የስዊዘርላንድ የሐር ድርጅት ጋር ሲሠራ በ1958 ጋዛር የተባለ ጨርቅ ተገኘ፤ አጥብቆ ከተገመደ ክር የተሠራ፣ ቀላል ግን ግትር ሐር ነው። ጋዛር ሲታጠፍ እጥፋቱን ይዞ ይቀራል፤ ከትከሻ ሲወርድ አካል ላይ አይወድቅም፣ በአየር ላይ የራሱን ቅርጽ ይዞ ይቆማል። ባሌንሲያጋ በ1967 ከዚህ ጨርቅ የሠራው የሙሽራ ልብስ ስፌቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሴትየዋ ውስጡ የምትኖርበት ባዶ ቦታ ግን ሰፊ ነው። በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ወገቧ ወፍራም ይሁን ቀጭን ማንም አያውቅም። ማወቅም አያስፈልገውም። እኔ በዘመናዊ ልብስ ታሪክ ውስጥ ለሴት ልጅ ከተሰጡት ስጦታዎች ይህን ባዶ ቦታ የሚያክል ያለ አይመስለኝም።

የተማሪዋ ናሙናዎች የሚሠሩት በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ነው። አንዱን ቁራጭ በሰያፍ ታንጠለጥለዋለች፤ አንዱን ሽንሽን አድርጋ በእንፋሎት ትተኩሰዋለች፤ አንዱን በሁለት ጨርቅ መካከል ጥጥ አድርጋ ትደርተዋለች፤ አንዱን በላስቲክ ሰብስባ ትለቀዋለች፣ እሱም እንደ ሕያው ነገር ይኮማተራል። እያንዳንዱ ናሙና ለአካል የተለየ ነገር ያቀርብለታል፤ ልከተልህ፣ ልያዝህ፣ ልራቅህ፣ ልጨምርልህ። ናሙና ልብስ ስላልሆነ መሸጥ የለበትም፤ ማማርም የለበትም። በዚህ ምክንያት ከልብሱ ይልቅ እውነት የሚናገረው ናሙናው ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ደረጃ እንደ ዝግጅት ቆጥረው ሮጠው ያልፉታል፤ መምህራንም ማርክ የሚሰጡት ለመጨረሻው ቀሚስ ነው። ያሳዝናል፤ ሐሳቡ ያለው እዚያ ነበር።

አካልን በቅርጹ የመፍረድ ነገር ጨለማ ወገንም አለው፤ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ሳራ ባርትማን ከደቡብ አፍሪካ የተወሰደች የኮይኮይ ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1810 ለንደን ላይ፣ በኋላም ፓሪስ ላይ በዳሌዋና በመቀመጫዋ ምክንያት ገንዘብ እየተከፈለ ታየች። በ1815 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ሞተች። ከሞተች በኋላም አላረፈችም፤ የአካሏ ቅርጽ በጄሶ ተወስዶ፣ አጽሟ ተለቅሞ ከ150 ዓመት በላይ በሙዚየም ተቀመጠ። አገሯ ገብታ የተቀበረችው በ2002 ነው። በመካከሉ፣ በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ፣ የዚያችው የፓሪስ ወይዛዝርት ከቀሚሳቸው ሥር ከኋላ በሽቦና በፈረስ ጭራ የተሠራ ትልቅ ጉብታ እያሰሩ ወጡ። ይህ ጉብታ ከባርትማን መጣ ብዬ አልከራከርም። የምለው ይህን ነው፤ ያንኑ መስመር ጥቁር ሴት በሥጋዋ ስትይዘው የመግቢያ ትኬት ተቆርጦለት የሚታይ ጉድ ሆነ፤ ነጭ ወይዘሮ በገንዘቧ ገዝታ ስታስረው ጨዋነት ሆነ። መስመሩ አንድ ነው። የተለያየው ማን እንደመረጠው ነው። አንዷ ማታ ፈትታ ታስቀምጠዋለች፤ ሌላዋ ግን ሞታ እንኳ ማውለቅ አልቻለችም።

እንግዲህ ቅርጽ በሚሠራ ጨርቅ ሁሉ ላይ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፤ የለበሰው ሰው ሊፈታው ይችላል ወይ?

በዚህ ጉዳይ የእኛ አገር አለባበስ ከፓሪስ ያልተናነሰ ትምህርት አለው። ነጠላ መቀስ ያልገባበት ጨርቅ ነው። ሸማኔው ከጉድጓዱ ሲያወጣው ቅርጽ የለውም፤ ቅርጽ የምትሰጠው የለበሰችው ሴት ናት፣ ለዚያች ሰዓት ብቻ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አንድ ዓይነት ታጣፋዋለች፤ ሐዘን ሲሆን ታዘቅዝቀዋለች፤ ሥራ ሲበዛባት ወገቧ ላይ ትታጠቀዋለች፤ እስክስታ ስትመታ ዳሌዋ ላይ ታስረዋለች። በአንድ ቀን ውስጥ ቁመናዋ አራት ጊዜ ይለወጣል። ጋቢ ደግሞ በአራት እጥፉ ሲደረብ ትከሻን አስፍቶ፣ አንገትን ውጦ ሰውን ግዙፍ ያደርገዋል፤ ከሲታውም ወፍራሙም ጋቢ ውስጥ እኩል ናቸው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ያለ ልክ፣ ያለ ንድፍ፣ ያለ ማኔኪን ነው።

ግን ባህላችንን በመውደድ ብቻ ነገሩን አሳምሬ ላልፈው አልፈልግም። የሚፈታ ቅርጽም የሥልጣን መሣሪያ ሊሆን ይችላል። በድሮው ሥርዓት ታናሽ በታላቅ ፊት ሲቀርብ ያደገድጋል፤ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያስራል። ትከሻው ይራቆታል፣ ቁመናው ያንሳል፤ ታላቁ ግን እስከ አፉ ተከናንቦ ይቀመጣል። ማንም ጨርቁን አልሰፋበትም፤ ሆኖም እንዲህ አልለብስም ለማለት የሚችል ጥቂት ነበር። ስለዚህ ይፈታል ወይ ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ሌላ ይመጣል፤ ቅርጹ የተያዘው ለለባሹ ነው ወይስ ለተመልካቹ? መቀነትን እዩ። አራሷ ሆዷን በመቀነት አጥብቃ የምታስረው ወገቧ እንዲደገፍ ነው። ሠርግ ለመሄድ ትንፋሿን በሚቆርጥ የውስጥ ልብስ ተጠፍራ የታሰረችውም እንዲሁ ተጨንቃለች። ጥብቀቱ ይመሳሰላል፤ አንዱ ግን ለራሷ ሰውነት የቆመ ነው፣ ሌላው ሰውነቷን በሌላ ዓይን ፊት የሚከስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለተማሪዋ ላሳያት የምፈልገው በርኖስን ነው። የመኳንንቱና የአርበኛው ካባ፣ ከወፍራም ሱፍ የሚሠራው በርኖስ በአንድ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚወጣ ጉብታ አለው። የማንም ሰው ትከሻ እንዲህ ያለ ቅርጽ የለውም። ጉብታው ከሌላው ትከሻ ጋር አይመጣጠንም፤ ለባሹን ከጎን ሲያዩት የሰውነቱ መስመር ይሰበራል። ካዋኩቦ ፓሪስ ላይ ከሰፋችው ትራስ ብዙም አይርቅም። በርኖስ የለበሰውን ሽማግሌ አይቶ ግን «ምን ሆኖ ነው?» ያለ የለም። አባቶቻችን በዚያ ጉብታ ያዩት ግርማ ነው። ከትከሻ አጠገብ የበቀለ እባጭ ሕመም መሆኑን ዓይን ከተፈጥሮው ያውቀዋል የሚል ሁሉ ይህን ካባ ማስረዳት አለበት። ዓይን የሚያየው የተማረውን ነው፤ የእኛ ዓይን ደግሞ አንድ ጊዜ ይህን ተምሮ ነበር።

ተፈሪ ሱሪንም አስታውሱ፤ ከጉልበት በታች ባት ላይ ተጣብቆ ከጉልበት በላይ የሚንዘረፈፍ። ወንድ ልጅ ዳሌው ሲሰፋ ማንም ሴት መሰልክ አላለውም። ይህን ሁሉ የያዘ አገር ልጆች ዛሬ ባሕር ዳር ባለው የጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ፋሽን ሲማሩ ቅርጽ መፍጠር ከውጭ የመጣ ዕውቀት እንዲመስላቸው አልፈልግም። የሽሮ ሜዳ ሱቆችን ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው የሐበሻ ቀሚስ እየጠበበ፣ ዚፕ እየገባበት፣ ወገቡ እየተቆነጠረ መምጣቱን ያስተውላል። ጠባብ መሆኑን አልቃወምም፤ የሚያምርባትና የሚመቻት ትልበሰው። የሚቆጨኝ ሰፊው ቀሚስ ይዞት የነበረው ሐሳብ፣ አካልና ጨርቅ መካከል የሚተወው ባዶ ቦታ፣ ማንም ሳይከራከርለት መሄዱ ነው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞሪስ ሜርሎ ፖንቲ በ1945 ባሳተመው ስለ ማስተዋል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ላባ ያለው ባርኔጣ የደፋች ሴት አለች። ሴትየዋ በበር ስታልፍ ላባው እንዳይሰበር ርቀቱን አታሰላም፤ እጃችን የት እንዳለ እንደምናውቀው እሷም ላባው የት እንደሚያበቃ ታውቃለች። አካሏ እስከ ላባው ጫፍ ደርሷል ማለት ነው። ይህ ምሳሌ የማኔኪንን ድካም ያጋልጣል። ማኔኪን ላይ የተሰካ ስፖንጅ ለዘላለም ባዕድ ነው፤ ማኔኪን በበር አያልፍም፣ ሰው አያቅፍም። ሰው ላይ የተሰፋ ስፖንጅ ግን ከጥቂት ሰዓት በኋላ የራስ ይሆናል። ለባሹ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ለትራሱ ቦታ ይተውለታል፤ በጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ ጎኑን ያዞርለታል። ከውጭ እንግዳ የሚመስለው ቅርጽ ከውስጥ ቤተኛ ሆኗል። ከዚህ በኋላ አካሉ የት ያበቃል ተብሎ ቢጠየቅ ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ለባሹ ነው፤ መስመሩ የሚያልፈው በእሱ ውስጥ ነውና።

በየትምህርት ክፍሉ ላላችሁ መምህራን የምለምነው አለኝ። ተማሪያችሁ ስፖንጁን ከዳሌው ነቅላ ጀርባው ላይ ስትሰካው «ይህን ማን ይለብሰዋል?» ብላችሁ አትጀምሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ከሆነ ስፖንጁን በሚቀጥለው ቀን ዳሌው ላይ ተመልሶ ታገኙታላችሁ፤ ከዚያም ወዲያ አይነቃነቅም። ጨርቁ ምን እንደሚያደርግ፣ ለማን አካል እንዳሰበችው፣ ለባሹ ሊፈታው ይችል እንደሆነ ጠይቋት። ለናሙናዎቿም እንደ ቀሚሱ ማርክ ስጡ።

ለአንቺ ለተማሪዋ ደግሞ፤ ስፒሉን ነቅለሽ በክር ስፊው። ከማኔኪኑ አውርጂና ራስሽ ልበሺው። ተቀመጪበት፣ ደረጃ ውጪበት፣ ታክሲ ተሳፈሪበት፣ እናትሽን እቀፊበት። ጀርባው የጎበጠ ወይም ትከሻው የተዛነፈ ሰው ካወቅሽ ለእሱ ወይም ለእሷ አንድ ልብስ ስፊ፤ ከመቁረጥሽ በፊትም ምን እንዲታይላቸው እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው።